እፍኝ እህልና የቅኔ ቤት

በመርካቶ፣ እህል በረንዳ፣ የእህል መለኪያው ኩንታል ነው። ከጎጃም፣ ከአድአና ከአርሲ በጭነት መኪና የሚመጣው ጤፍና ስንዴ በወዛደር ትከሻ ይወርዳል፤ ተመዝኖና በደላላ አማካይነት ዋጋው ተቆርጦ ወደ ነጋዴውና ወደ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ መርካቶ የዛሬ ስፍራዋን የያዘችው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። የጎጃም እህል ግን ከዚያ እጅግ አስቀድሞ፣ መለኪያው እፍኝ በነበረበት ሌላ መንገድ፣ የቤተ ክርስቲያንን ካህናትና ሊቃውንት ሲያስተምር ኖሯል።

ስለ አብነት ትምህርት የጻፉ ሰዎች ስለ ጉባኤው ጥልቀት ብዙ ብለዋል፤ ወጪውን ማን ይችለው እንደነበረ ግን እምብዛም አልተጠየቀም። ተማሪው በንባብ ቤት ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ይደግማል። ከዚያ ለድጓ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አባ፣ ለቅኔ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ዋድላ ይሻገራል፤ በመጨረሻም የብሉይና የሐዲስ ትርጓሜ ከሚሰማበት መጻሕፍት ቤት ይገባል።

በቅኔ ቤት ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። ቀን ከዛፍ ጥላ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማታ ለየኔታ ይነግራል። ቤቱ ከጎደለ ወይም ምሥጢሩ ከሳተ እንደገና ይሞክራል። የስም መዝገብም ሆነ የተወሰነ የትምህርት ዘመን የለም፤ ፈተናው የመምህሩ ጆሮ ነው። የበረታው ደቀ መዝሙር ጀማሪውን ስለሚያስቀጽል አንድ መምህር ብዙ ተማሪ መያዝ ይችላል። በዚህ ረገድ አደረጃጀቱ፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከሚገመተው በላይ፣ ቁጠባን ያውቃል።

ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ የውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጅ ይጠናል። አንዲት እናት እፍኝ ቆሎ፣ ሌላዋ ቁራሽ እንጀራ ትሰጣለች። መምህሩ ደግሞ በደብሩ መሬት ይተዳደር ነበር። ትምህርቱ የቆመው በእነዚህ ሁለት ምሰሶዎች ላይ ነው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ሁለተኛውን ምሰሶ ነቀለው፤ መምህሩም እንደ ተማሪው የምእመናንን እጅ የሚያይ ሆነ።

በአዲስ አበባ በ1934 ዓ.ም. የተመሠረተው የቅድስት ሥላሴ ትምህርት ቤት ሌላ መንገድ ያዘ። ወደ ኮሌጅነት አድጎ በ1954 ዓ.ም. በተመረቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ፤ በደርግ ዘመን ተዘግቶ በኋላ ዳግም ተከፈተ። ኮርሱ በዓመት ተከፋፈለ፣ ዲግሪም ተሰጠ። ይሁን እንጂ መምህረ ቅኔን የሚያፈራው ዛሬም የገጠሩ ጉባኤ ነው፤ ለዚያም ስንቁን የሚያወጣው ያው ገበሬ ነው። ገበሬው ምርቱን ለእህል በረንዳ ነጋዴ በኩንታል ቢሸጥም፣ ለአኩፋዳው የሚተርፈውን እፍኝ የምትወስነው ጎተራውን የምትጠብቀው ባለቤቱ ናት።