ግራንድ ባሳም፦ በሐይቅና በውቅያኖስ መካከል

ግራንድ ባሳም ከኮትዲቯሯ ታላቅ ከተማ ከአቢጃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። ጥንታዊው ሠፈሯ በሐይቅና በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል፣ በጠባብ የአሸዋ ምድር ላይ ተቆርቁሯል።

ከተማዪቱ እ.አ.አ. በ1893 የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት መዲና ሆነች። በ1899 የተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ሲፈጅ ግን አስተዳደሩ ወደ ቢንዠርቪል ተዛወረ። የወደብ ንግዱም ኋላ ወደ አቢጃን ሲያልፍ ሠፈሩ ጸጥ አለ። ባለ ሰፊ በረንዳ ቤቶቹ በአዳዲስ ሕንጻዎች ሳይተኩ የቆዩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከፊሎቹ ታድሰዋል፣ ከፊሎቹ ፈራርሰዋል። ዩኔስኮ በ2012 ሠፈሩን ከንዚማ ዓሣ አጥማጆች መንደር ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

የቀድሞው የአገረ ገዢ ቤተ መንግሥት ዛሬ የአልባሳት ሙዚየም ነው። የከተማዪቱ ወኅኒ ቤትም የራሱ ታሪክ አለው፦ በ1949 መገባደጃ ሴቶች ከአቢጃን ተነሥተው የታሰሩ ፖለቲከኞች እንዲፈቱ የጠየቁት በዚያ ነበር።

ዛሬ የአቢጃን ነዋሪዎች በእረፍት ቀናት ወደ አሸዋማው ዳርቻ ይጎርፋሉ። እንግዳ ሊዘነጋው የማይገባው ነገር ቢኖር የውቅያኖሱ ሞገድ ብርቱ መሆኑ ነው፤ ዋናተኛንም ይወስዳል።