የታየው ረሃብና ያልታየው ረሃብ

«ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይባላል። መገናኛ ብዙኃን በኅብረተሰብ ላይ ስላላቸው ኃይል ብዙ ተብሏል፤ በእኔ ልብ ግን ጉዳዩ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ምሳሌያዊ አነጋገርና ቦሌ ከነበረው የአንድ ጎረቤታችን ሳሎን ነው። ዐይን የሚያየውን የሚመርጥለት ሌላ ሰው ከሆነ ልብ ፍርዱን እንዴት ይሰጣል? አንድ ቴሌቪዥን በአሥር ዓመት ልዩነት በደረሱ ሁለት ረሃቦች ላይ ሁለት የማይመሳሰል ሥራ ሲሠራ አይቻለሁና እርሱን ላውጋችሁ።

ዕለቱ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ነው። በዚያን ዘመን ቦሌ የከተማው ጫፍ ነበረች። የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደዚህ ከተዛወረ ከአሥር ዓመት ብዙም አልዘለለም። ከመንገዱ ግራና ቀኝ አዳዲስ ቪላዎች ቢሰለፉም ከጀርባቸው ማሳና የሚግጡ ከብቶች ይታዩ ነበር። ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣሪያው አንቴና ይታወቃል። እኛ የሰፈሩ ወንዶች ልጆች የእንቁጣጣሽ ሥዕላችንን ቤት ለቤት አድለን፣ ሳንቲማችንን ቆጥረን ስናበቃ፣ እንደ ልማዳችን ከዚያ ጎረቤታችን ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። የቤቱ ጌታ እናት፣ ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው የወሎ ሴት፣ ጥግ ካለችው ወንበራቸው ላይ ነበሩ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያኔ አሥረኛ ዓመቱን ሊደፍን ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። በጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም፣ በዘውድ በዓል ዕለት፣ በእንግሊዙ የቶምሰን ኩባንያ እርዳታ ከማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ሥርጭቱን ሲጀምር ዋነኛው ባለታሪክ ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። እኛም ልጆቹ የዜናውን ተራ በቃላችን እናውቀው ነበር፤ ጃንሆይ ጎበኙ፣ ጃንሆይ መርቀው ከፈቱ፣ ጃንሆይ እንግዳ ተቀበሉ። ያን ዕለት ማታ ግን ባለታሪኩ ሳይለወጥ ታሪኩ ተገለበጠ።

የቀረበው ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በወሎ ረሃብ ላይ የሠራው ፊልም ነበር። በእንግሊዝ አገር «ያልታወቀው ረሃብ» በሚል ርእስ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም ታይቷል። ለእኛ የመጣልን ግን እንዳለ አልነበረም። ደርግ በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥቱን ግብዣ፣ ጃንሆይም ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ የሚያሳየውን ሥዕል አስገብቶ፣ «የተደበቀው ረሃብ» ብሎ አቀረበው። አጥንታቸው የገጠጠ ሕፃናት ይታዩና ወዲያው የተትረፈረፈ ጠረጴዛ ይከተላል። በማግሥቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ብዙ ሰው «ንጉሡን ያወረዳቸው ያ ፊልም ነው» ሲል ሰምቻለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። ዙፋኑ መሠረቱን የለቀቀው ከየካቲት 1966 ዓ.ም ጀምሮ በወታደሩ ማመፅ፣ በታክሲ ነጂውና በመምህሩ አድማ፣ በተማሪው ሰልፍ ነው። ሥልጣኑም በዚያ ክረምት ውስጥ አንድ በአንድ ከእጃቸው ወጥቶ አልቆ ነበር። የፊልሙ ሥራ ሌላ ነው። ግማሽ ምእት ዓመት ያህል «ግርማዊነትዎ» እያለ የኖረ ሕዝብ ነገ የሚሰማውን እንዳይደነግጥበት በአንድ ሌሊት ልቡን አዘጋጀለት። መሣሪያው ያን ያህል ጉልበት ያገኘበትም ምክንያት አለ። ጉልበቱን የሰጠው ከዚያ በፊት የነበረው ዝምታ ነው።

ወሎ መራብ የጀመረው በ1965 ዓ.ም ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን እስከ ሥፍራው ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ግቢያቸው ውስጥ ለእይታ አቅርበው ነበር፤ ጋዜጣውና ራዲዮኑ ግን አፋቸውን ዘግተው ሰነበቱ። የሟቾቹን ቁጥር አጥኚዎች ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገምቱታል። ዜናው በየዕለቱ በጥቂት በጥቂቱ ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ሰው ያዝን፣ ይቆጣ፣ ይረዳም ነበር። ተከማችቶ በአንድ ማታ ሲፈስ ግን ጎርፍ ሆነ። ጎርፉን በፈለገው አቅጣጫ የሚመራው ደግሞ ግድቡን የከፈተው ነው።

ፊልሙ ሲያበቃ ሳሎኑ ውስጥ የተናገረ አልነበረም። እማማ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ «ምነው፣ በሕይወት ሳሉ ቢያሳዩን?» አሉና ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።

አሥር ዓመት አለፈ። መስከረም 1977 ዓ.ም የአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ የሚከበርበት ነበር። ከቦሌ እስከ አብዮት አደባባይ መንገዱ በቀይ ባንዲራና በትልልቅ ሥዕሎች አሸበረቀ፤ ቴሌቪዥኑም ቀለም ለብሶ ሰልፉን፣ ዘፈኑንና ንግግሩን ያለ ድካም አሳየ። በዚያው ሰዓት ሰሜኑ እያለቀ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ለውጭ ለጋሾች አቤት ሲል ሳለ፣ ለአገሩ ሰው ግን በዓሉ እንዳይደበዝዝ ተብሎ ዝም ተባለ። የጃንሆይን ዝምታ ያጋለጠው ሣጥን የአዲሱን መንግሥት ዝምታ ተሸከመ።

ዝምታው የተሰበረው ከሩቅ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም ቢቢሲ የማይክል ቡርክን የኮረም ዘገባ አሰማ፤ ሥዕሉን የቀረጸው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። ዘገባውን ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች እንደተቀባበሉት ይነገራል። ለንደንና ፊላደልፊያ ውስጥ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም የተካሄደው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅትም የዚያው ዘገባ ልጅ ነው።

እኛ የቦሌ ሰዎች ነገሩን ከቴሌቪዥኑ አስቀድሞ የነገረን ጣሪያችን ነበር። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩሊሶችና የሶቪየት አንቶኖቮች እህል ጭነው ሲነሡና ሲያርፉ ቆርቆሯችን ከንጋት እስከ ምሽት ይንቀጠቀጥ ነበር። እማማ ያኔ ዐይናቸው ደክሟል። አንድ ቀን ድምፁን አዳምጠው፣ «ይህ ሁሉ አውሮፕላን ለደኅና አይደለም፤ ሣጥናችሁስ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። «በዓሉን እየደገመ ነው» አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?

የውጭውንም ካሜራ ቢሆን እንዲሁ ማሞገስ አይገባም። እህል አስመጥቷል፣ ነፍስም አድኗል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ድርቁን እንጂ ጦርነቱን፣ ሰውን በግድ ከቀዬው የነቀለውን የሠፈራ ፖሊሲ በቅጡ አላሳየም። የአገራችንን ስምና የረሃብን ስም በዓለም ፊት አንድ አድርጎ ሰፍቶታል። ከዚያ ወዲህ በሰው አገር የኖረ ኢትዮጵያዊ፣ አገሩን ሲናገር በአድማጩ ፊት ላይ የምትመጣውን ያችን የሐዘኔታ ገጽታ ያውቃታል። አንድ ሥዕል ነፍስ ማዳኑና ስም ማጉደፉ በአንድ ጊዜ የሚሆን ነገር ነው።

መሐመድ አሚንን በተመለከተ የታሪክ ዕጣ ሆነና፣ በ1983 ዓ.ም በአዲስ አበባው የጥይት መጋዘን ፍንዳታ አንድ ክንዱን አጣ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም ደግሞ ከቦሌ የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከሞቱት 125 ሰዎች አንዱ ሆነ። ረሃባችንን ለዓለም ያወጣው ሰው የመጨረሻ ጉዞውን የጀመረው ከዚሁ ከእኛ ሰፈር ነበር።

ዛሬ ማሳው የለም፤ የጎረቤታችንም ቪላ በፎቅ ተተክቷል። ከአንቴናው በኋላ የሳተላይት ሳህን፣ ከሳህኑ በኋላ የእጅ ስልክ መጣ። አሁን ዝምታ ያበቃ ይመስላል፤ ሁሉም ካሜራ ይዟል፣ ሁሉም ያሳያል። ሆኖም ቆርጦ የሚቀጥል እጅ ዛሬም አለ፤ የሚታይበትን ቀን የሚመርጥም አለ። ስለዚህ አንድ የሚያንገበግብ ሥዕል ስልኬ ላይ ሲደርሰኝ ከመፍረዴ በፊት እጠይቃለሁ፤ ይህ መቼ ተነሣ? ለምን ዛሬ ደረሰኝ? ከጎኑ ምን ተቆርጦ ቀረ?

ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ ግን የእማማ ጥያቄ ነው። የሚታዩት ሰዎች ዛሬ በሕይወት አሉ ወይስ የለም? ካሉ ገና የምናደርገው ነገር አለ። ከሌሉ ግን ሥዕሉ የመጣው ለእነርሱ አይደለም።