ቁልፍ ሲጠፋ ጸሎት አልጠፋም

ሥራ ሲጠፋ፣ ከአገር ቤት ክፉ ወሬ ሲመጣ «ጸሎቴ የት ደረሰ?» ያልኩበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ልቤ ሲከብድ ኢየሩሳሌም ወዳለው ገዳማችን ወደ ዴር ሡልጣን እሄዳለሁ።

ገዳሙ ያለው በጎልጎታ፣ በቅድስት እሌኒ ቤተ ጸሎት ጣሪያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 በከተማዋ ወረርሽኝ ገብቶ መነኮሳቶቻችን ከጥቂቶች በቀር አለቁ። አባቶች እንደሚነግሩን መጻሕፍቶቻቸው «በሽታ ያስተላልፋሉ» ተብለው ተቃጠሉ፤ የይዞታ ማስረጃውም አብሮ ጠፋ። የቤተ ጸሎቶቹ ቁልፍ በግብፃውያን መነኮሳት እጅ ገባ። እነሱም ቦታው የእኛ ነው ይላሉ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም።

አባቶቻችን ግን «ቁልፍ የለንም» ብለው ጸሎት አላቋረጡም። በጠባብ ጎጆዎቻቸው ሰዓታቱን ጠበቁ፤ ትንሣኤን በጣሪያው ላይ ድንኳን ተክለው አከበሩ። በ1970 በትንሣኤ ሌሊት ቁልፉ ወደ እጃቸው ተመለሰ። በ1971 የእስራኤል ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለግብፃውያኑ ይመለስ ብሎ ቢፈርድም፣ ነገሩ በመንግሥት ዘንድ ሳይወሰን ቀርቶ ዛሬም በእኛዎቹ እጅ ነው።

ስንት አባቶች ቁልፉን ሳያዩ አረፉ! ጸሎታቸው ግን ከንቱ አልነበረም። እነሱ ባይጸኑ ኖሮ ዛሬ እኔ ቆሜ የማለቅስበት ቦታ አይኖርም ነበር። እኛም መልሱ ቢዘገይ ከጸሎት አንለይ።

እግዚአብሔር ያጽናን። አሜን።