ቃልና መዝገብ፤ የአሠሪ ግዴታ በሥራ ሕጋችን ታሪክ

በጋይንት አገር የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። ደቀ መዝሙሩ ዜማውን በሌላ ደብር ለብዙ ዓመታት ቢያጠናም፣ «መሰከረ» የሚባለው በዚያ ባለው መምህር ፊት ቀርቦ ከተፈተነ በኋላ ነው። የሰው ልፋት ብቻውን አይናገርም፤ መስካሪ ያሻዋል።

ከዚሁ አገር፣ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ፣ ለብዙ ዓመታት ሌላም ጉዞ ሲደረግ ኖሯል። ክረምትና መኸር በመጣ ቁጥር ጎልማሳው ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ይወርዳል። የዚህ ሰው ውል ብዙውን ጊዜ በቃል ነው፤ ሒሳቡም በቃል ነው። ደመወዙ ቢቀርበት ወይም በሥራው ላይ ቢቈስል ማን ይመሰክርለታል? የሥራ ሕጋችን ታሪክ በአመዛኙ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ለማለት ይቻላል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሥራን ውል ከሌሎች ውሎች ጋር አያይዞ ደነገገ። ዳሩ ግን በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ያለው የኃይል ልዩነት ውል በማክበር ብቻ የሚታረቅ አልነበረም። ስለዚህ በ1954 ዓ.ም. ድንጋጌ ቁጥር 49፣ ቀጥሎም በ1956 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 210 ወጥተው የሠራተኛ ማኅበርንና የኅብረት ስምምነትን በሕግ አጸኑ፤ የሥራ ክርክር የሚሰማ ቦርድም አቋቋሙ። ከዚያ ወዲህ አሠሪው ከሠራተኞቹ ማኅበር ጋር በቅን ልቡና የመደራደር ግዴታ ተጣለበት። ይሁን እንጂ ሕጉ በተግባር የደረሰው በይበልጥ ለፋብሪካው፣ ለምድር ባቡሩና ለሰፋፊው እርሻ ሠራተኛ ነበር።

ከአብዮቱ በኋላ በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 64 የቀድሞውን ሽሮ ተተካ። የኢኮኖሚው ሥርዓት ሲለወጥ ደግሞ በ1985 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 42 ወጣ፤ ይህም በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 377 ተተካ። በየጊዜው የተደረጉት ማሻሻያዎች ሕጉን በልዩ ልዩ ወረቀት ስለ በታተኑት፣ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1156 ሁሉን በአንድነት አጠቃሎ ወጣ።

በዚህ አዋጅ የተለወጡት ቊጥሮች ለአባሎቻችን እንግዳ አይደሉም። የሙከራ ጊዜ ከ45 ቀን ወደ 60 የሥራ ቀን ከፍ አለ። የወሊድ ፈቃድ ከ90 ወደ 120 ቀን አደገ፤ አባትም የ3 ቀን ፈቃድ አገኘ። የመጀመሪያው ዓመት የዕረፍት ፈቃድ ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን፣ ዝቅተኛው የሥራ ዕድሜም ከ14 ወደ 15 ዓመት ከፍ አለ። ወሲባዊ ትንኮሳም በግልጽ ተከለከለ።

ነገር ግን የአሠሪው ዋናው ሸክም ከነዚህ ቊጥሮች ይልቅ በመዝገቡ ላይ ነው። የሥራ ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ይገደዳል። የዕረፍት ቀንን፣ ፈቃድንና በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትን መዝግቦ መያዝም የእርሱ ፈንታ ነው። ሕጉ ግን በዚህ አላበቃም፤ ጽሑፉ ባይኖር እንኳ ሠራተኛው መብቱን አያጣም ብሎ ደነገገ። እንግዲህ «ወረቀት የለንም» ማለት ለአሠሪው መከላከያ አይሆንም። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ተጠያቂ ነው፤ ለሠራተኞቹ በመደበው ማመላለሻ ሲጓዙ የሚደርሰው አደጋም በዚሁ ይቈጠራል።

ወቅታዊ ሠራተኛም ከዚህ ጥበቃ ውጭ አይደለም። በየዓመቱ እየተደጋገመ ለሚሠራ ወቅታዊ ሥራ የተወሰነ ጊዜ ውል ማድረግ ይፈቀዳል፤ የጊዜው ማጠር ግን የአሠሪውን ግዴታ አያሳጥርም። ውሉ ሲያበቃ የሚገባው ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል። «ቀሪውን ለከርሞ ስትመለስ ትወስዳለህ» ተብሎ ወደ ደጋው የተሸኘ አጫጅ ተመልሶ የሚመጣው ከዓመት በኋላ ነው። ሕጉ በሰጠው እጅ ጊዜው ይወስድበታል። ይህን የሚከለክለው የሒሳብ ሹሙና የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው በዕለቱ የሚጽፉት መዝገብ ነው።

አዋጆቹ ባለፉት ስድሳ ዓመታት ብዙ ጊዜ ተለዋውጠዋል። ወደፊትም ይለወጡ ይሆናል። መዝገቡን የምንጽፍ እኛ የሙያው ሰዎች ግን ለአሠሪው ብቻ የምንጽፍ እንዳይመስለን። በቤተ ልሔም መምህሩ ለደቀ መዝሙሩ ልፋት እንደሚመሰክር ሁሉ፣ በቆላው እርሻ ለሠራተኛው ላብ የሚመሰክረው የእኛ ብዕር ነው።