እንቅልፍ የማያመጣው ክኒን
የፀረ ሂስታሚን መድኃኒቶች ታሪክ

ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ የሚገኘው የአለርጂ ክኒን ጥንተ ታሪኩ ሲመረመር መነሻው የመርዝ ጥናት ሆኖ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1902 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፖርቲየርና ሪሼ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሊቃውንት የባሕር እንስሳትን መርዝ በውሾች ላይ ሲፈትኑ፣ አስቀድሞ ጥቂት መርዝ ተወግቶ የዳነ ውሻ ሁለተኛ ሲወጋ መርዙን በመቋቋም ፈንታ ወዲያው ታሞ መሞቱን ተመለከቱ። አካልን ይጠብቃል የተባለው ኃይል ራሱ ገዳይ ሊሆን መቻሉ በዚያ ዘመን ለሰሚው እንግዳ ነገር ነበር። በ1906 የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ፎን ፒርኬ ለተለወጠው የሰውነት ምላሽ «አለርጂ» የሚል ስም አወጣለት።

በ1910 ዴልና ሌድሎ የተባሉ እንግሊዛውያን ሂስታሚን የሚያስከትለው ምልክት ከዚህ ዓይነቱ ድንገተኛ ሞት ጋር እንደሚመሳሰል ገለጹ። ከዚህ በኋላ ጥያቄው ሂስታሚንን ምን ይገታዋል የሚል ሆነ፤ መልሱ ግን ሃያ ሰባት ዓመት ፈጀ። በ1937 በፓሪሱ የፓስተር ተቋም ዳንኤል ቦቬና አን ማሪ ስቶብ 929 ኤፍ በሚል ቁጥር የሚጠራው ቅመም ጊኒ ፒጎችን ከሂስታሚን ሞት እንደሚያድን አረጋገጡ፤ ለሰው እንዳይሰጥ ግን መርዛምነቱ ከለከለ። ለሰው የሚሆነው አንተርጋን በ1942 ወጣ። በአሜሪካም ጆርጅ ሪቭሽል የሠራው ዳይፈንሃይድራሚን በ1946 በሐኪም ትእዛዝ መሰጠት ጀመረ።

ማሳከኩና ማስነጠሱ ቢቀርም በሽተኛው ያንቀላፋ ጀመር። እነዚህ መድኃኒቶች ወደ አንጎል ዘልቀው ስለሚገቡ፣ ነቅቶ የሚያቆየንን ሂስታሚንም ይገቱታል። ይህ ጉድለት ለሌላው ሕክምና በር መክፈቱ የሚደንቅ ነው፤ ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል ሐኪም ላቦሪ ፕሮሜታዚን የቀዶ ሕክምና በሽተኞችን እንደሚያረጋጋ ከተመለከተ በኋላ፣ በዚያው ፈለግ በ1950 የተቀመመው ክሎርፕሮማዚን የአእምሮ ሕክምናን ለወጠ።

ለሹፌሩና በመኪና ለሚሠራው ሠራተኛ ግን እንቅልፉ አደጋ ነበር። ስለዚህ በ1985 ተርፈናዲን፣ እንቅልፍ የማያመጣ ተብሎ፣ በአሜሪካ ሲፈቀድ ደስታው ታላቅ ሆነ። በእንግሊዝ አገር ያለ ሐኪም ትእዛዝ እስከ መሸጥ ደርሶ ነበር። በ1990 በታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ ግን ተርፈናዲንን ከፈንገስ መድኃኒቱ ከኬቶኮናዞል ጋር የወሰደች የ39 ዓመት ሴት፣ የልብ ምቷ በአደገኛ ሁኔታ እየተዛባ ራሷን ደጋግማ እንደ ሳተች ተገለጸ።

ምክንያቱ ኋላ ተብራራ። ተርፈናዲን በጤነኛ ሰው አንጀትና ጉበት ውስጥ ሳይፒ 3ኤ4 በተባለው ኤንዛይም ከሞላ ጎደል ፈጽሞ ስለሚለወጥ፣ በደም ውስጥ ራሱ ተርፈናዲኑ አይገኝም ማለት ይቻላል፤ ሥራውን የሚሠራው ከእርሱ የሚወጣው ፌክሶፈናዲን ነው። ኬቶኮናዞል ወይም ኤሪትሮማይሲን ኤንዛይሙን ሲያግደው ግን ያልተለወጠው ተርፈናዲን ተጠራቅሞ የልብን የፖታሲየም መተላለፊያ ይዘጋል። ለብቻው ተወስዶ በተለመደው መጠን ሲፈተን ይህን አደጋ ማየት አስቸጋሪ ነበር። በእኔ አስተያየት እዚህ ላይ የሞለኪዩሉን ያህል ልማዳችንም ይወቀሳል፤ ለጉንፋንና ለአፍንጫ የሚሰጥን ክኒን እንደ ከረሜላ ቆጥረን፣ ሌላ ምን ይወስዳሉ ብሎ መጠየቅን እንደ ትርፍ ነገር እናየው ነበርና።

በ1992 በአሜሪካ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ ታከለ። ሐኪሞችና መድኃኒት ቀማሚዎች ማስጠንቀቂያውን እያወቁ እንኳ ሁለቱን መድኃኒቶች አንድ ላይ መስጠታቸው ፈጽሞ አልቀረም። በ1996 ፌክሶፈናዲን ራሱ መድኃኒት ሆኖ ሲፈቀድ ተርፈናዲንን ለማቆየት የሚበቃ ምክንያት ጠፋ፤ በ1998 መጀመሪያም ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። የግሬፕፍሩት ጭማቂ የተርፈናዲንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርግ ነበር፤ የፌክሶፈናዲንን ግን ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግድ ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ ይህን ክኒን የሚገዛው ሰው በውኃ እንዲውጠው ይነገረዋል።