ከኬርንስ እስከ ኩራንዳ፦ ለእህል የተሠራው ሐዲድ

አንድ የምሕንድስና ሥራ ተመርቆ ካለፈ በኋላ የሚኖረው ዕድሜ፣ መሐንዲሱ በንድፉ ላይ ካሰፈረው ዓላማ ጋር ሁልጊዜ አብሮ አይዘልቅም። ለጦር የተጠረገ ጎዳና የንግድ መንገድ ይሆናል፤ ለንግድ የተቆረቆረ ወደብ የዓሣ አጥማጆች መጠጊያ ሆኖ ይቀራል። በሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ ጠረፍ ላይ ከምትገኘው ከኬርንስ ከተማ ተነሥቶ ወደ ኩራንዳ መንደር የሚወጣው የባቡር ሐዲድ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ዛሬ ጎብኚዎች ጧት ከባሕሩ ዳር ተሳፍረው ጥቅጥቁን ደን እያቋረጡ ይወጣሉ፤ በደኑ ውስጥ በእግራቸው ይንሸራሸራሉ፤ የአገሩን ምግብ ቀምሰው ከምሽት በፊት ይመለሳሉ። ሐዲዱ ግን የተሠራው ለሽርሽር አልነበረም፤ የተሠራው ለተራቡ ሰዎች እህል ለማድረስ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ነገሩ የሚጀምረው ከቆርቆሮ ማዕድን ነው። በ1880 ከጠረፉ በስተ ምዕራብ ባለው ደጋ ላይ ኸርበርተን የተባለች የማዕድን ከተማ ተቆረቆረች። ለማዕድን ቆፋሪዎቹ የሚያስፈልገው ዱቄት፣ ስኳርና ሻይ ከባሕር ዳር በበሬ ጋሪና በጭነት ከብት ተጭኖ ይወጣ ነበር። በዚያ አገር የዝናቡ ወራት ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ድረስ ሲሆን፣ በኬርንስ አካባቢ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 2,000 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በ1882 ዝናቡ ከወትሮው በርትቶና ሰንብቶ ስለ ዘነበ መንገዱ ረግረግ ሆነ፤ ጋሪዎቹ በጭቃ ተውጠው ቀሩ፤ የኸርበርተን ሰዎችም ለረኀብ ተቃረቡ። ከዚህ የተነሣ ክረምት የማይበግረው የባቡር መስመር ይሠራልን የሚል አቤቱታ ለቅኝ ግዛቱ መንግሥት ቀረበ።

መስመሩ ከየትኛው ወደብ ይነሣ የሚለው ጥያቄ በጠረፉ ከተሞች መካከል ብርቱ ፉክክር አስነሣ። መንገድ እንዲፈልግ የተቀጠረው ክሪስቲ ፓልመርስተን የተባለ የጫካ ሰው ነበር። ይህ ሰው በደን አዋቂነቱ የተመሰገነውን ያህል፣ በአገሬው ተወላጆች ላይ በፈጸመው ግፍ የሚወቀስ ነው። በ1884 ምርጫው በኬርንስ ላይ ጸና፤ በግንቦት 1886ም የቅኝ ግዛቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሙኤል ግሪፊት የመጀመሪያዋን አካፋ አፈር አነሣ።

ሥራው በሦስት ክፍል ተከፍሎ ለሥራ ተቋራጮች ተሰጠ። የመጀመሪያው ክፍል በሜዳ ላይ የሚያልፍ ሆኖ ሳለ ረግረጉና ወባው ሠራተኛውን ፈጀው። እውነተኛው ፈተና ግን ሁለተኛው ክፍል፣ ማለት የባረን ወንዝን ሸለቆ ተከትሎ ወደ ደጋው የሚወጣው ቁልቁለት ነበር። በ1887 ይህን የተረከበው ጆን ሮብ የተባለ ተቋራጭ ነው። የተራራው ጎን በአማካይ 45 ዲግሪ ያዘነበለ ሲሆን፣ በላዩም የበሰበሰ ቅጠልና ልል አፈር በብዙ ሜትር ውፍረት ተከምሮበት ነበር። ጧት የተቆረጠው ገደል ማታ በዝናብ ተንዶ ይሞላል። በአንድ ወቅት 1,500 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹም የአየርላንድና የኢጣልያ ተወላጆች፣ በዶማ፣ በአካፋ፣ በባልዲና በድማሚት ይሠሩ ነበር። እንዲህ እየተባለ 15 ዋሻዎች ተፈለፈሉ፤ 93 ኩርባዎች ተቀየሱ፤ በርካታ ድልድዮች ተተከሉ። በናዳ፣ በፍንዳታና በበሽታ የሞቱት ጥቂቶች አልነበሩም። የተቋራጩ ስም በየጽሑፉ ሲነሣ፣ የእነርሱ ስም ግን እምብዛም አይሰማም።

ከድልድዮቹ ሁሉ የሚታወቀው በስቶኒ ክሪክ ፏፏቴ ፊት ለፊት በብረት ቋሚዎች ላይ ቆሞ፣ ራዲየሱ 80 ሜትር ያህል በሆነ ጠባብ ኩርባ የሚዞረው ነው። በሚያዝያ 1890 ይህ ድልድይ ሊጠናቀቅ ሲቃረብ የኩዊንስላንድ ገዥ ሰር ሄንሪ ኖርማን ሥራውን ሊጎበኝ መጣ። ሮብም በድልድዩ ላይ ጠረጴዛ አዘርግቶ፣ ምግብና ወይን አስቀርቦ ግብዣ አደረገ። በዚያ ቀን ንግግር የሚያደርግ አልተገኘም፤ የፏፏቴው ጩኸት አያሰማም ነበርና። በዚህ መስመር ላይ ደንና ማዕድ በአንድነት የተገናኙበት፣ በታሪክ የሚጠቀሰው ቀዳሚው ግብዣ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ይሁን እንጂ በዚያ ደን ውስጥ ማዕድ ሲዘረጋ የመጀመሪያው አልነበረም። ምድሩ የጃቡጋይ ሕዝብ ነው። ሐዲዱ የተከተለው ሸለቆ ከእነርሱ የቆየ መተላለፊያ ጋር የተያያዘ ነበር። እነርሱም ከደኑ ፍሬ ይመገቡ ነበር። ብዙዎቹ የደኑ ፍሬዎች መርዘኞች ናቸው። የአካባቢው ተወላጆች ጥቁር ባቄላ የሚባለውን ትልቅ የዛፍ ፍሬ ይጠብሱታል፤ በቀጭኑ ይከትፉታል፤ በቅርጫት አድርገውም በወራጅ ውኃ ውስጥ ለቀናት ያኖሩታል፤ መርዙ ታጥቦ ሲወጣ ይጋግሩታል። በአገራችን ጓያን የሚመገቡ ገበሬዎች ጉዳቱን ለመቀነስ ዘፍዝፈው ውኃውን መድፋታቸውን ለምናውቅ ለእኛ ይህ ዕውቀት እንግዳ አይሆንም። የፍሬውን ጠባይ መመርመር፣ የውኃውን ፍሰትና የጊዜውን ልክ ማወቅ፣ ስሙ ባይሰጠውም ምሕንድስና ነው። ሐዲዱ ሲገባ ግን ጃቡጋዮች ከምድራቸው ተገፉ። በባረን ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ላይ ያላቸው የባለቤትነት መብት በፍርድ ቤት የታወቀላቸው በ2004 ነው።

መስመሩ በሰኔ 1891 ኩራንዳ ደርሶ ለመንገደኛ ተከፈተ፤ በ1893 ደግሞ ማሪባ ገባ። ወዲያውም ያልታሰበ ነገር ታየ፤ ለእህልና ለቆርቆሮ የተሠራው ባቡር ፏፏቴውንና ደኑን ለማየት የሚሹ ሰዎችን መጫን ጀመረ። በ1915 ተሠርቶ ያለቀው የኩራንዳ ጣቢያ በፈርንና በሐሩር አገር አበቦች አጊጦ እስከ ዛሬ አለ። የቆርቆሮው ዘመን ሲያልፍና ጭነቱ ወደ መኪና ሲዞር መስመሩን በሕይወት ያቆየው ይኸው የሽርሽር መንገደኛ ነው።

ዛሬ ጉዞው ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ባቡሩ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ወደ 330 ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ መንገደኞች እንዲያዩም በባረን ፏፏቴ ዘንድ ጥቂት ደቂቃዎች ይቆማል። በደረቁ ወራት ፏፏቴው የሚመነምንበትን ምክንያት መሐንዲስ የሆነ ጎብኚ ሳይጠይቅ አያልፍም። ከላይ ያለው ግድብ ውኃውን ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚያዞረው ነው። በ1935 በዚያ የተከፈተው ጣቢያ በአውስትራሊያ ከምድር በታች የተሠራ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ሲሆን፣ በ1963 በሌላ ተተክቷል። ከኩራንዳ ጣቢያ ወርዶ በወንዙ ዳርና በደኑ ውስጥ የተጠረጉትን የእግር መንገዶች የተከተለ፣ በ1978 የተቋቋመውን የመንደሩን ገበያ ያገኛል። በዚያ አካባቢ ማዕድ ላይ የጠረፉ ባራመንዲ ዓሣና ሸርጣን፣ የደጋው ማንጎና ፓፓያ ይቀርባሉ። ከሁሉ በላይ የእኛን ልብ የሚነካው ግን ቡናው ነው። በሐዲዱ የመጀመሪያ ዓመታት በኩራንዳ ዙሪያ ቡና ይተከል ነበር፤ ዛሬም ማሪባ ከአውስትራሊያ ዋነኛ የቡና አብቃይ ቦታዎች አንዷ ናት። ዝርያው የትውልድ አገሩ ኢትዮጵያ የሆነችው አራቢካ ነው።

የደኑ ዋጋ እየታወቀ ሲሄድ የሥራው ዘዴም ተለወጠ። በታኅሣሥ 1988 የኩዊንስላንድ እርጥብ ሐሩር ደኖች በዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ። ከዚያ በኋላ ከጠረፉ እስከ ኩራንዳ 7.5 ኪሎ ሜትር የሚረዝም በገመድ የሚሄድ መጓጓዣ ለመሥራት ሲታሰብ፣ ከአካባቢ ጥበቃ ወገኖችና ከጃቡጋይ ሰዎች ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። ሥራው አልቀረም፤ አሠራሩ ግን የጥንቃቄ ሆነ። ወደ ምሰሶዎቹ መንገድ አልተጠረገም፤ ብረቱና ሲሚንቶው በሄሊኮፕተር ተጋዘ፤ ሠራተኞቹ በእግር ገቡ፤ ለእያንዳንዱ ምሰሶ የተመነጠረው ቦታም ጠባብ ነበር። መጓጓዣው በ1995 ተከፈተ። ሮብ በዘመኑ 2.3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል አፈርና ድንጋይ ማንሣቱን ስናስታውስ፣ በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ሙያችን ስለ ደን ያለው አስተሳሰብ ምን ያህል እንደ ተለወጠ እንረዳለን።

ተራራው ግን አልተለወጠም። በታኅሣሥ 2023 ጃስፐር የተባለው አውሎ ነፋስ ያመጣው ዝናብ የባረንን ወንዝ ከልክ በላይ አጥለቀለቀው፤ ናዳ በሐዲዱ ላይ ወረደ፤ መስመሩም ለወራት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ተጠግኖ ሥራውን ቀጠለ። በ1882 የዝናብ ረኀብ የወለደው ሐዲድ እስከ ዛሬ የዝናብ ግብር እየከፈለ ይኖራል።

ከዚህ ታሪክ ለሙያችን የሚተርፈው ቁም ነገር ምንድን ነው? በ1902 ድሬ ዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የእኛ ጠባብ ሐዲድም ከባሕር ወደ ደጋ የወጣ ነው፤ የብዙ ሰው ላብና ሕይወት ፈስሶበታል። በ2016 አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ሲመረቅ አሮጌው ከብዙ ዓመት ጀምሮ ተዳክሞ ነበር። የጭነት ዘመኑ ያለፈ ሐዲድ ሁሉ ወደ ብረት ማቅለጫ መሄድ እንደሌለበት ኩራንዳ ትመሰክራለች። ይሁንና ሁለተኛ ዕድሜ በሐዲዱ ጽናት ብቻ አይገኝም። ኩራንዳን ያዳናት በመስመሩ ግራና ቀኝ ያለው ደን ሳይጨፈጨፍ መቆየቱ ነው። ደኑ ቢመነጠር ኖሮ ባቡሩ የሚያሳየው ነገር ባልኖረው ነበር፤ ጎብኚውም ባልመጣ፤ ገበያውም ባልቆመ። ስለዚህ በጥቅጥቅ ደን ውስጥ መንገድ ወይም መስመር የሚቀይስ መሐንዲስ በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ የሚቆርጠውን ዛፍ ብቻ ሳይሆን፣ ሳይቆርጥ የሚተወውንም ዛፍ፣ በዚያም ጥላ ሥር አስቀድሞ ማዕዱን ዘርግቶ የኖረውን ሕዝብ ቆጥሮ ማስገባት ይገባዋል።