ሐኪሞቹ የተጸየፉት መድኃኒት

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በገበታ ዙሪያ የሚወሳ አይደለም። በጨዋ አነጋገር ዓይነ ምድር እንለዋለን፤ ላቦራቶሪ ስንላክ ደግሞ ሰገራ ይባላል፤ እኔም በዚህኛው ስሙ እቀጥላለሁ። ዘወትር ስለ ሥልጣንና ስለ ተቋማት የሚጽፍ ሰው በዚህ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ይህም የሥልጣን ታሪክ ነው እለዋለሁ። ሕመምተኛው ምን ሊቀበል እንደሚችል ሳይጠይቁት የወሰኑለት ሰዎች ታሪክ ነው።

ጉዳዩ ወዲህ ነው። ለሌላ ሕመም አንቲባዮቲክ የወሰዱ ሰዎችን፣ በተለይም ሆስፒታል የተኙ አረጋውያንን፣ የሚይዝ ብርቱ ተቅማጥ አለ። መድኃኒቱ ጠላት የተባለውን ባክቴሪያ ሲገድል የአንጀትን ነባር ነዋሪዎችም አብሮ ይፈጃል፤ ባዶ በቀረው ስፍራ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያ ይራባል፤ መርዙም የትልቁን አንጀት ግድግዳ ያቆስላል። በአሜሪካ ብቻ በ2011 ወደ 453,000 የሚጠጉ ሰዎች እንደ ተያዙና ከእነዚህም ወደ 29,000 የሚሆኑት በ30 ቀናት ውስጥ እንደ ሞቱ ተገምቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከጤነኛ ሰው የተወሰደ ሰገራ በፈሳሽ ተበጥብጦ ወደ እንዲህ ያለ ታማሚ አንጀት ሲገባ፣ የጠፉት ነዋሪዎች ይመለሳሉ፤ በሽታውም ይሸሻል። ይህ ተደርጎ በሕክምና መጽሔት የታተመው በ1958 ነው። በአግባቡ በተደራጀ ሙከራ ተፈትኖ የተረጋገጠው ግን በ2013። በመካከሉ 55 ዓመታት አሉ።

በ1958 የሆነውን ላስታውስ። በዴንቨር ከተማ ቤን አይዝማን የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪምና ባልደረቦቹ በአንቲባዮቲክ ሳቢያ አንጀታቸው ክፉኛ የቆሰለ አራት ሕመምተኞች ነበሯቸው። የበሽታው መንስኤ በዚያን ጊዜ ገና በትክክል አልታወቀም ነበር። ሐኪሞቹ ግን አመዛዘኑ፤ የጎደለው የአንጀት ነዋሪ ከሆነ የጎደለውን መመለስ ይገባል አሉ። ከጤነኛ ሰው የተወሰደውን በፊንጢጣ በኩል አስገቡ። አራቱም ዳኑ። ሐኪሞቹም ዘዴው ቀላልና ምክንያታዊ በመሆኑ በሰፊው ሊፈተን እንደሚገባ ጽፈው አለፉ። ማንም አልፈተነውም።

ለምን? የመጀመሪያው ምክንያት የማይናቅ ነው። ቫንኮማይሲን የተባለው መድኃኒት በዚያው በ1958 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቶ ነበር፤ በ1978 ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የበሽታው መንስኤ መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ ቫንኮማይሲን ጥሩ መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። በብልቃጥ የታሸገ መድኃኒት ያለው ሐኪም ወደ ሰገራ የሚዞርበት ምክንያት አልነበረውም። ይሁን እንጂ ከታከሙት መካከል ከአምስት አንዱ ገደማ በሽታው ያገረሽበታል፤ ካገረሸበት በኋላ ደግሞ የመደጋገሙ ዕድል ይጨምራል። ለእነዚህ ሰዎች የቀረበው መፍትሔ ያው በሽታውን ያመጣባቸው ዓይነት መድኃኒት ነበር፤ እንደ ገና አንቲባዮቲክ፣ እንደ ገና ማገርሸት። ታዲያ የዴንቨሩን ጽሑፍ ያስታወሱት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። በ1983 በስዊድን አንዲት ሕመምተኛ በዚህ መንገድ መዳኗ ተዘገበ፤ ከ1988 ጀምሮ ቶማስ ቦሮዲ በሲድኒ ይሠራበት ጀመር። በ1989 ደግሞ ሐኪም የሆነ ሌላ ሰው፣ የራሱን የአንጀት ቁስለት በዚሁ መንገድ ማከሙን ላንሴት በተባለው መጽሔት አሳወቀ።

ሁለተኛው ምክንያት የሐኪሙ ክብር ነው፤ እኔ የማተኩረውም በዚህ ላይ ነው። ጥየፋ ብቻ ነው ብዬ ግን አላምንም፤ የሰውን ሬሳ ቀዶ የሚማር፣ ከመግል ከደም ጋር የሚውል ሙያ ነውና። ሰገራን ወደ ላቦራቶሪ መላክ ሐኪምን አሳፍሮት አያውቅም። ያሳፈረው ከላቦራቶሪ ወደ ሰው መመለሱ ነው። ለንጽጽር ያህል፣ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ በለንደን ሰር ዊልያም አርበትኖት ሌን የተባለ ዝነኛ ሐኪም፣ በትልቁ አንጀት የሚጠራቀመው ቆሻሻ ሰውነትን ይመርዛል በሚል እምነት የሰዎችን ትልቅ አንጀት ቆርጦ ያወጣ ነበር። እምነቱ ስሕተት ነበር። ሆኖም ቢላዋ የተከበረ መሣሪያ ነው፤ ሐኪሙም በ1913 የባሮኔት ማዕረግ አገኘ። በቻይና እንኳ ጌ ሆንግ በአራተኛው ምዕተ ዓመት ለብርቱ ተቅማጥ ሰገራን በመድኃኒትነት መዝግቦት ሳለ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ «ቢጫ ሾርባ» የሚል ስም አስፈልጎት ነበር።

የሐኪሞቹ መልስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ሕመምተኛው አይቀበለውም። እስቲ ይህን እንመርምረው። በ2012 በታተመ ጥናት 192 ሰዎች ስለ ሕክምናው ተጠየቁ። የውጤታማነቱ መረጃ ብቻ ሲነገራቸው 85 ከመቶው መረጡት። ከዚያም ነገሩ ሰገራ መሆኑ በግልጽ ተነገራቸው፤ 81 ከመቶው አሁንም እንቀበለዋለን አሉ። ሐኪሜ ቢመክረኝ እቀበላለሁ ያሉት ደግሞ 94 ከመቶ ደረሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተራው የሐኪሞች ሆነ። ከተጠየቁት 65 ከመቶው ሕክምናውን ለማንም አቅርበው ወይም ወደሚሰጥበት ልከው አያውቁም። አብዛኛው ሕመምተኛ ይመርጠዋል ብለው የገመቱት 8 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ኮሶ ሲጠጣ ለኖረ ሕዝብ ይህ እንግዳ አይደለም። ጠጪው እየዘገነነውም ይጠጣል፤ ትሉ የበለጠ ያስጠላዋልና። በ2010 የካናዳ ሐኪሞች ሰባት ሕመምተኞች በየቤታቸው በራሳቸው እጅ አድርገውት ሁሉም እንደ ዳኑ ዘግበዋል። አይቀበለውም የተባለው ሕመምተኛ ማለት ይህ ነው።

በጥር 2013 የአምስተርዳሙ ሙከራ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን ታተመ። በአፍንጫ በኩል በሚያልፍ ቱቦ የለጋሽ ሰገራ ከተሰጣቸው 16 ሰዎች 13ቱ በአንድ ጊዜ ዳኑ፤ ከቀሩት ሦስት ሁለቱ ሲደገምላቸው ዳኑ። ቫንኮማይሲን ብቻ ከወሰዱት 13 ሰዎች የዳኑት አራት ናቸው። ልዩነቱ እጅግ ስለ ሰፋ ሙከራው ከታሰበው ጊዜ በፊት ተቋረጠ። በግንቦት ወር የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሰገራ እንደ አዲስ የሙከራ መድኃኒት ይቆጠራል፣ ማመልከቻ ያስፈልገዋል አለ። ተቃውሞ ተነሣ፤ በሐምሌም መሥሪያ ቤቱ ሌላ ሕክምና ላልረዳቸው የዚህ በሽታ ሕመምተኞች፣ ፈቃዳቸው ተጠይቆ እስከ ተሰጠ ድረስ፣ ደንቡን እንደማያስገድድ አስታወቀ።

እዚህ ላይ ፍርዴ ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። በ2019 የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሁለት ሕመምተኞች በዚህ ሕክምና አማካይነት መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ተይዘው አንዱ ሞተ። የለጋሹ ሰገራ ለዚያ ባክቴሪያ አልተመረመረም ነበር። ስለዚህ መጠንቀቅ ተገቢ ነበር የሚል ሐኪም ትክክል ነው። ግን ጥንቃቄ ማለት ለጋሽን መመርመር፣ ሙከራ ማካሄድ፣ የተገኘውን መመዝገብ ነው፤ ከ1958 ጀምሮ ሳይደረግ የቆየውም ይኸው ነው። ፊትን ማዞርን ጥንቃቄ ብለው ስለ ጠሩት፣ እውነተኛው ጥንቃቄ ግማሽ ምዕተ ዓመት ዘገየ።

የአሜሪካው መሥሪያ ቤት በኅዳር 2022 በፊንጢጣ የሚሰጠውን፣ በሚያዝያ 2023 ደግሞ የሚዋጠውን ዝግጅት ፈቀደ። ሁለተኛው ቮውስት ይባላል፤ ከለጋሾች ሰገራ ተጣርቶ የወጣ የባክቴሪያ ዘር በካፕሱል የታሸገበት ሲሆን በቀን አራት፣ ለሦስት ቀናት ይወሰዳል። ሽታ የለውም፤ ስሙም አያሳፍርም፤ ሐኪሙ በማዘዣ ወረቀቱ ላይ ሳይሸማቀቅ ይጽፈዋል። ለገበያ ሲቀርብ የተቆረጠለት ዋጋ ለአንድ ሕክምና 17,500 ዶላር ነበር፤ ከዚያ በፊት በሰገራ ባንኮች በኩል እጅግ ባነሰ ዋጋ ይገኝ ነበር።